ሦስት ብልቃጥ ለይፋግ

ወረቀቱ ደብረ ታቦር የደረሰው ጥቅምት ሃያ አራት ቀን፣ ከተጻፈ ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ወር አልፎታል፤ መኪና ከቆመ ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ከይፋግ እስከ ወረታ አንድ አህያ ነጂ፣ ከወረታ እስከ ዓለም በር አንድ መነኩሴ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በርበሬና ሳሙና በአህያ ጭነው የሚመላለሱት ነጋዴዋ ራቢያ ተቀባብለው አመጡት። ራቢያ ወረቀቱን ለዓይናለም ሲሰጧት ቁጭ ብለሽ አንብቢው አሏት። እሷ ግን እንደቆመች ከፈተችው።

የጻፈችው የይፋግ ጤና ጣቢያ ነርስ ሙና ናት። «ለእህቴ ለዓይናለም። ወንድምሽን ፋሲልን ከሦስት ቀን በፊት ውሻ ነክሶታል። የነከሰው ፊቱን ነው፣ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ። ውሻው ያበደ ነበር፤ ከብትም ነክሷል፤ ገድለውታል። ቁስሉን በሳሙና ደጋግመን አጥበነዋል። ክትባት ግን የለንም። መብራት ከጠፋ ጀምሮ ማቀዝቀዣው አይሠራም። እዚያ ካለ ቶሎ ይድረስለት።»

ዓይናለም ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ከተነከሰ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

ዓይናለምና ፋሲል ከአባትም ከእናትም አንድ ናቸው። እሷ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እሱ ሃያ ዘጠኝ። እናታቸው ስትሞት ፋሲል ገና አፉን አልፈታም ነበርና እህትም እናትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ስምንት ሳይክል ገዝተው ፈረንጆችን በኮረብታው ማዞር ጀመሩ። እንግዶቹ ከደብረ ታቦር ይነሱና አስፋልቱን ትተው፣ መኪና በማያልፍበት የገጠር መንገድ እየነዱ በሁለት ቀን ይፋግ ይወርዳሉ። ይፋግ አባታቸው የተዉላቸው ቤትና የወይን ማሳ አለ። እንግዶቹ ከሐረጉ ሥር አርፈው፣ ከዘለላው እየቆረጡ በልተው፣ ፋሲል ከአባቱ የተማረውን የወይን ጠጅ ቀምሰው ይመለሳሉ። መንገዱን በእግሯ ያጠናችው ዓይናለም ናት፤ ሳይክሉን የሚጠግነውና ፊት ፊት የሚነዳው ፋሲል። እንግዶቹ ሁሌ የሚያነሱት የመንገዱን ጸጥታ ነበር። ግማሽ ቀን ነድተን አንድ መኪና አላየንም ብለው ይገረማሉ።

ከዚያ ተኩስ መጣ፤ እንግዳ ቀረ። ሳይክሎቹ በፊት ጎማቸው ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ተንጠለጠሉ። ፋሲል ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወይኑን ልግረዝና በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ይፋግ ወረደ። መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። በሱ ዕድሜ ያለ ወንድ መንገድ ላይ ከተገኘ አንዱ ወገን የሌላው ሰው ነህ ብሎ ይይዘዋል። ከሠፈራቸው እንዲህ የወጡ ሦስት ጎረምሶች እስከዛሬ ወሬያቸው አልተሰማም። ስለዚህ ፋሲል ወደ ክትባቱ መምጣት አይችልም። ክትባቱ ነው ወደሱ መሄድ ያለበት።

ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ከተማው ሆስፒታል፣ ክትባት ወደሚሰጥበት ክፍል ሮጠች። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር እቴነሽ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው የተቆጠረ ሴት ናቸው። ክትባት ለተነከሰው ሰው እንጂ ለዘመድ በእጅ አይሰጥም አሏት። ዓይናለም አልተከራከረችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ክፍሉ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሳችም። ሲስተር እቴነሽ ቁልፋቸውን ይዘው ሲወጡ አጠገቧ ቆሙ።

«መቼ ነው የተነከሰው?»

«አሥራ ስድስት ቀኑ።»

«የቱ ላይ?»

በጣቷ ጉንጯን አሳየቻቸው። ሲስተር እቴነሽ አጠገቧ ተቀመጡ። ከፊት ላይ በሽታው ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው አሏት። ምልክቱ ሳይጀምረው ክትባቱ ከደረሰለት ሊተርፍ ይችላል። ምልክቱ ከጀመረ ግን የትም አገር ቢወስዱት፣ ምንም ቢሰጡት አይሆንም። ምልክቱን ጠየቀቻቸው። የቆሰለው ቦታ ይነዘንዘዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ከዚያ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል፣ እየጠማው ውሃ ያስፈራዋል ብለው በቀስታ ነገሯት።

ተመልሰው ከፈቱና ሦስት ብልቃጥ ከነመርፌው በረዶ ባለበት የክትባት ሳጥን ውስጥ አስቀመጡላት። አንዱ እንደደረሰ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው በሰባተኛው ቀን ይወጋል። አራተኛውን መንገድ ሲከፈት ይመጣል አሉ። በረዶው ቢቆይ እስከ ነገ ማታ ነው፤ ክዳኑን በከፈተችው ቁጥር ያጥራል። ይፋግ ሲደርስ የጉድጓድ ውሃ ባለው እንስራ አጠገብ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አቆዩት፤ ትንሽ ቀን ይታገሣል አሏት።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይናለም አንዱን ሳይክል ከጣሪያው አውርዳ፣ ሳጥኑን ከኋላ በጎማ ገመድ አስራ ወጣች። በአስፋልቱ ላይ አንድም ነገር አልነበረም፤ አይሱዙ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ሱቆቹ ተዘግተዋል። በጎማዋ ሥር ጠጠር ሲፈነጠር ይሰማታል። ዓለም በር ሳትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈችና ራሷ ባጠናችው የአፈር መንገድ ላይ ገባች። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ገብሱ እዚህም እዚያም ታጭዶ ተከምሯል። በማሳው ያሉ ሰዎች ቀና ብለው ያዩዋትና መልሰው ያጎነብሳሉ። ድሮ ሳይክል ሲያዩ ከሩቅ እየጮኹ ሰላም የሚሉ ሰዎች ናቸው። አሁን ማንም ማንን እንዳየ ማወቅ አይፈልግም። ስንት ጊዜ ነው ይህን መንገድ ጸጥ ያለ ነው ብላ ለእንግዶቿ ያወደሰችው። ዛሬ ከጸጥታው ብዛት ጆሮዋ ውስጥ የራሷ የደም ትርታ ይሰማታል።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ዳገቱ ጫፍ ላይ መሣሪያ የያዙ አራት ሰዎች ከባሕር ዛፉ ሥር ወጥተው አስቆሟት። ከየት ነሽ፣ ወዴት ነሽ፣ ማን ላከሽ አሉ። ነገረቻቸው። ወረቀቱን አሳየቻቸው። አንዱ ሳጥኑን ክፈቺ አለ። አንዴ ብቻ ከፍታ እንድታሳየው ለመነችው፤ እሱ ግን ክዳኑን አንስቶ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በፀሐይ አየ። ከዚያ አለቃችን እስኪመጣ እዚህ ጠብቂ ተባለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳጥኑን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጥላው በዞረ ቁጥር አብራ እየዞረች ጠበቀች። በየደቂቃው እጇን ከሳጥኑ ጎን ላይ ታደርጋለች። አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ወይም የቀዘቀዘ ይመስላታል።

አለቃው መጡ፤ ሃምሳ ዓመት የሚያልፋቸው፣ አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ፊቱን ነው የነከሰው?»

«አዎ፣ ፊቱን ነው።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። «አጎቴን በዚህ ነው የቀበርነው» አሉ። «እጁን ነበር የነከሰው፤ ሁለት ወር ቆየ። ፊት ከሆነ ግን ፍጠኚ።»

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ነዳች። ከዳገቱ ማዶ መንገዱ ወደ ርብ ወንዝ ይወርዳል። እንግዶቿን በዚህ ቁልቁለት ከሳይክል ወርደው እንዲገፉት ታዝዝ የነበረችው እሷ ናት፤ ክረምቱ አፈሩን አጥቦት ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። አሁን አልወረደችም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፊቱ ጎማ ድንጋይ መታና ከመሪው በላይ ተወረወረች። ስትነሳ ጉልበቷ ተልጦ አጥንቱ ሊታይ ደርሷል፤ መዳፏ ውስጥ ጠጠር ገብቷል። ሳጥኑ ከነገመዱ ከሳይክሉ ጋር እንደታሰረ ነው። ከፍታ ልታይ ፈለገችና እጇ ክዳኑ ላይ ደርሶ ቆመ። ቢሰበሩም ባይሰበሩም ይዛ መሄዷ አይቀርም። አልከፈተችውም። የፊቱ ቸርኬ ግን ተጣሞ ስምንት ቁጥር መስሏል፤ አይዞርም።

በአቅራቢያው ገብስ የምታጭድ ሴት ነበረች። ሳይክሉን ከክምሩ ሥር አስቀምጪልኝ አለቻት። ሴትየዋ ምንም ሳትጠይቅ ከመቀነቷ ጫፍ ቀድዳ ጉልበቷን አሰረችላትና ሳጥኑን አንስታ ጀርባዋ ላይ አዘለችላት፤ ነጠላውን በደረቷ አቋርጣ ቋጠረችው። ርብ ጥልቀቱ ከጭን በላይ ነበር። ዓይናለም ሳጥኑን አናቷ ላይ ተሸክማ ተሻገረችና በማዶው ዳገት ላይ መሮጥ በቻለችበት እየሮጠች፣ ባልቻለችበት እየተራመደች ወጣች። እየሄደች ከፋሲል ጋር ታወራ ነበር። ጠጣ ትለዋለች። ውሃ ጠጣ፣ ዝም ብለህ ጠጣ፣ እየመጣሁ ነው።

ይፋግ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የአባቷ ማሳ ኮረብታው ጎን ላይ ነው፤ ፋሲል ሐረጉን ገርዞ፣ አዲስ ምሰሶ ተክሎ፣ እርከኑን በድንጋይ አድሶታል። ነርሷ ሙና ከቤቱ በር ወጥታ ተቀበለቻት። ቀጭን፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ልጅ ናት። ሳጥኑን አይታ ፊቷ ሲለወጥ ዓይናለም አየች፤ የደስታ ለውጥ አልነበረም።

«መቼ ጀመረው?» አለቻት።

«ትናንት ጠዋት።»

ዓይናለም አልሰማችም። ወይም እንዳልሰማች ሆና አልፋት ገባች። ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኗል። ፋሲል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጉንጩ ላይ ያለው ቁስል ድኖ ጠባሳ ሠርቷል፤ ዓይኖቹ ግን ሰፍተዋል፣ ልብሱ በላብ ርሷል። ሲያያት ሳቀ።

«እታለም፣ በየት በኩል መጣሽ?»

«በኛው መንገድ።»

«ቁልቁለቱ እንዴት ነው?»

«ታጥቧል። ወደቅሁ።»

«ወርደሽ መግፋት ነበረብሽ» አላት፤ ድምፁ የድሮው ድምፁ ነው። አእምሮው ምንም አልሆነም። ይህን ስታይ ሙና ተሳስታለች ብላ አሰበች። በትከሻዋ ያንጠለጠለችውን የውሃ ኮዳ ከፍታ ዘረጋችለት። ፋሲል ኮዳውን አየ፤ ሊቀበላት ፈልጎ እጁን ዘረጋ። ጨበጠው፣ ወደ አፉም አስጠጋው። ከንፈሩ ሳይነካው ጉሮሮው ተያዘ። አንገቱ ተገተረ፣ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ ኮዳው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እየተንዘፈዘፈ እጁን ወደ ኋላ አወራጨ፤ ውሰጂልኝ ማለቱ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሃ በነጠላዋ አበሰችው። ደረቅ እስኪሆን ደጋግማ አበሰችው።

ሙና በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይናለም ተነስታ ውጊው አለቻት። ሙና አንገቷን ነቀነቀች።

«ለሱ አይሆንም። ለማሬ ግን ይሆናል።»

ማሬ ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት። ያን ዕለት ፋሲል ከወይኑ መሀል ሲጮህ ዱላ ይዛ የደረሰችው እሷ ናት። ውሻውን እየደበደበች ከላዩ ስታስለቅቀው ባቷን ነክሷት ነበር፤ ልብስ ስለከለላት ጥርሱ ብዙም አልገባም ብላ ለማንም አልተናገረችም። ሙና ያወቀችው ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ነው። ማሬ እስካሁን ምንም ምልክት የላትም።

ዓይናለም ሳጥኑን አቅፋ ወጣች። ለወንድሜ ነው ያመጣሁት አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለኮረብታው። ከሐረጉ ሥር ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑን ከፈተች። ሦስቱም ብልቃጥ ደህና ናቸው። በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ውሃው ግን አሁንም እጅ ያቀዘቅዛል። ከቤት ውስጥ የፋሲል ድምፅ ይሰማል፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ሲታገል። ማሬ ከእርከኑ ታች ቆማ ታያታለች። አልቀረበችም። ቆይታ ቆይታ «ለሱ ይሁን፤ እኔ አልጠየቅሁሽም» አለቻትና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። እግሯን አላነከሰችም። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ተኝቷል።

ዓይናለም ወደ ሙና ተመለሰች። አንዱን ለሱ፣ ሁለቱን ለማሬ አለቻት። ሙና የፋሲሉ ያለ ጥቅም እንደሚባክን፣ ማሬም በሰባተኛው ቀን የምትወጋው እንደማይኖራት ነገረቻት። ዓይናለም አውቃለሁ አለች። «ግን ሳልወጋው ቢሞት ዕድሜ ልኬን ብወጋው ኖሮ እያልኩ ነው የምኖረው። የሰባተኛውን ቀን እኔ አመጣዋለሁ።» ሙና እጇን ታጠበች። ከዚያ መርፌውን አዘጋጀች። መጀመሪያ ማሬን አስጠርታ ወጋቻት። ቀጥላ ፋሲልን። እሱ ክንዱን ሲሰጥ ይህ ምን ያደርጋል ብሎ አልጠየቀም፤ እህቱን ብቻ እያየ ነበር። እሷም ለምን እንደማይጠይቅ አወቀችና ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ሦስት ቀን አብራው ተቀመጠች። ሙና ያላትን የሚያስተኛ መድኃኒት ትሰጠዋለች፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይይዘዋል። በመሀል በመሀል ሕመሙ ሲለቀው እንደ ጤነኛ ያወራል። የወይኑን ሐረግ ለማን እንደምትተው፣ የትኛው ሳይክል ፍሬኑ እንደማያስተማምን፣ ማሬ ያን ቀን እንዴት እንደደረሰችለት አወራት። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በእርጥብ ጨርቅ እንኳ ልትነካው አትችልም። ውሃ አጠጥታ ያሳደገችው ልጅ በጥም እየነደደ ስታይ አንድ ጊዜ ወጥታ ከማሳው ጥግ አፈር ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ ጩኸት ግን አልወጣትም። ካህኑ መጥተው በሩቁ ቆመው ጸለዩለት፤ ጠበል ሊረጩ አልደፈሩም።

ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን ረፋድ ላይ ፋሲል ሞተ። በዚያው ዕለት ተቀበረ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ዓይናለም እንድታለቅስ ጠበቀ፤ እሷ ግን እንደ ደነዘዘች ተቀምጣ ቀን ትቆጥር ነበር። ያን ቀን ማሬ ሁለተኛዋን መርፌ ተወግታለች። ሦስተኛዋ ኅዳር ሁለት ቀን ናት።

በማግስቱ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሳይነሳ፣ ባዶውን ሳጥን አዝላ ወጣች። ዘመዶቿ ነውር ነው፣ ሦስቱ ቀን እንኳ ሳይሞላ ብለው ያዟት። ማሬ ራሷ መንገድ ላይ ቆማ ተይው አለቻት። ዓይናለም ግን አልፋት ሄደች። ርብን ተሻገረች፤ ሴትየዋ ሳይክሉን ከገብሱ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። የተጣመመውን ቸርኬ በሁለት ድንጋይ መሀል አስገብታ በእግሯ እየረገጠች አቃናችው። ይህን ሥራ ሁሌ የሚሠራው ፋሲል ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሙሉ በሙሉ አልተቃናም፤ በዞረ ቁጥር ፍሬኑን ይነካል። ዳገቱን እየገፋች፣ ሜዳውን እየነዳች ወጣች። ከባሕር ዛፉ ሥር አለቃው ተቀምጠው ነበር። ከሩቅ አይተዋት ተነሱ። ፊቷን አይተው ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክታልፍ ድረስ ቆሙ።

በሁለተኛው ቀን ደብረ ታቦር ስትደርስ ሲስተር እቴነሽ በዚያው ክፍል ነበሩ። ዓይናለም አግዳሚው ላይ ሳትቀመጥ፣ በቆመችበት ሁሉን ነገረቻቸው፤ አንዱን ብልቃጥ ለማይድን ሰው እንዳባከነችውም አልደበቀችም። እሳቸው አልወቀሷትም። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ሁለት ብልቃጥ አወጡ፤ የሰባተኛውንና የአሥራ አራተኛውን ቀን። ጉልበቷን አጥበው አሰሩላት። እዚህ እደሪና ነገ ትሄጃለሽ አሏት። ተኛች፤ ከአምስት ቀን ወዲህ መተኛቷ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድራ ኅዳር ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይፋግ ደረሰች። በዚህኛው ጉዞ ቁልቁለቱን ወርዳ ገፋችው። ማሬ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ልጇን አዝላ ተቀምጣ ነበር፤ ከጠዋት ጀምራ እንደጠበቀች ሙና ነገረቻት። ክንዷን አውጥታ ተወጋች። ሙና ቀኑን በካርዱ ላይ ጻፈች። ማሬ እጅጌዋን መልሳ ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች።

ዓይናለም ከዚያ ወደ አባቷ ቤት አልገባችም። በሩን ከውጭ አየችው፤ መስኮቱ ላይ ጋቢው አሁንም እንደተሰቀለ ነው። አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ማሬ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ፀሐይ ከጣና በኩል እስክትጠልቅ ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።